ፌስታሉን ቤት ይፍቱት፦ ከጠበቃ ጋር እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር ያለችው የጥብቅና ቢሮዬ ከፍርድ ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ብታስኬድ ነው። ጠዋት በሯን ስከፍት ብዙ ጊዜ ቀድሞኝ የቆመ ሰው አለ። በእጁ ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ የባንክ ደረሰኝ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ውል፣ የመብራት ቢል፣ አንድ ቀን ደግሞ የሕፃን የክትባት ካርድ ሳይቀር አግኝቻለሁ። ሰውዬው ወንበር ሳይስብ ይጠይቀኛል።

«ጋሼ፣ እናሸንፋለን አይደል?»

«ፌስታሉ እኮ ገና አልተፈታም» እላለሁ።

ይህን የምጽፈው ለባለፌስታሉ ነው። ክስ ሊመሠርት ላሰበ፣ መጥሪያ በድንገት ለደረሰው፣ ወንድሙ ትናንት ማታ ለታሰረበት ሰው። ጠበቃ ሲይዙ ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን እንደሚነግሩት፣ ምን ጭራሽ እንደማይጠይቁት በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ፌስታሉን ቤት ይፍቱት

ጠበቃ ጋ ከመሄድዎ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ይበሉ። ደብተር ያውጡና ነገሩን ከተጀመረበት ቀን አንሥተው ይጻፉት። ማን ምን አለ፣ ማን ነበር፣ ገንዘቡ በእጅ ነው በባንክ የሄደው? ቀኑ ካልታወሰዎ በበዓል ያስሉት። «ከጥምቀት በኋላ፣ ጾም ሳይገባ» ብሎ መጻፍ ከምንም ይሻላል።

ቀን ቀን የምለው ሕጉም ቀን ስለሚቆጥር ነው። ከውል የመነጨ ጥያቄ በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ ማለት መጠየቂያ ጊዜው ማለፉ ነው። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ባጃጅ ገጭቶዎት ከሆነ፣ ካሳ የሚጠይቁበት ጊዜ 2 ዓመት ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ደግሞ አለ፤ ስድብ አንዱ ነው። እሱን ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከቱ በሩ ተዘጋ። «በሽማግሌ ይለቅ ብዬ ጠበቅሁ» የሚል ሰው በየዓመቱ ይመጣብኛል። ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው። ቀኑ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም።

ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ኮፒ ያድርጉ። ዋናውን ለጠበቃም ቢሆን የሚሰጡት ዝርዝሩን አስፈርመው ነው። ስልክዎ ላይ ያለውን መልእክት አያጥፉ፤ የሚያሳፍርዎትንም ጭምር። በባንክ የሄደ ገንዘብ ካለ ባንኩ ማኅተም ያደረገበት የሂሳብ መግለጫ ያውጡ።

2. ሰውየውን ይወቁት

ፍርድ ቤት አካባቢ ሦስት ዓይነት ሰው ያገኛሉ። አንደኛው ራፖር ጸሐፊ ነው፤ ክስና ማመልከቻ ጽፎ የሚሰጥ። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቅም። ከትናንት ተመራቂ ይልቅ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን አንቀጽ በቃሉ የሚያውቅ ራፖር ጸሐፊ አይቻለሁ። ግን ችሎት ቆሞ አይከራከርልዎትም፤ ላጠፋውም ጥፋት በጥብቅና ሥነ ምግባር አይጠየቅም። ሁለተኛው ጠበቃ ነው፤ ፈቃድ ያለው። «ፈቃድዎን ማየት እችላለሁ?» ማለት ነውር አይደለም። የሚቆጣ ጠበቃ ካለ መቆጣቱ ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ገዳይ ነው። ሻይ ይጋብዝዎታል። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ይልዎታል። ወይ ይዋሻል፣ ገንዘብዎን በልቶ ይሰወራል። ወይ እውነቱን ነው፣ እርስዎን ከባለጉዳይነት ወደ ጉቦ ሰጪነት ያወርድዎታል። ሻይዎን ከፍለው ይነሡ።

ለእኛ ከተማ አንድ ልዩ ነገር አለ። የክልል ፈቃድና የፌዴራል ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። የፌዴራል ጉዳይ ሲሆን እዚህ የሚታየው በውክልና ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ጉዳዬ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ሰበር (የሕግ ስሕተት የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት) ቢደርስ እርስዎ ይቀጥላሉ ወይስ ሌላ ሰው ልይዝ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ከሁሉ በፊት ግን ታሪኩን ሳይጀምሩ የተከራካሪዎን ስም ይናገሩ። ባሕር ዳር ሰፋች እንጂ ትንሽ ናት፤ በዕድር፣ በማኅበር፣ በክርስትና የማይተሳሰር የለም። አንዴ አንዲት ሴት መጥታ ስለ ቤት ክፍፍል ግማሽ ሰዓት ነገረችኝ። የደበቀችውን ገንዘብ ሳይቀር። መጨረሻ ላይ የባሏን ስም ጠራች። ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ቤት ጉዳይ ደንበኛዬ ነበር። ላቤ ጠብ አለ። ያችን ሴት መያዝ አልችልም። የነገረችኝንም ለባሏ መናገር አልችልም። «ይቅርታ እህቴ፣ ሌላ ጠበቃ ይያዙ፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ» አልኳት። ተናዳ ወጣች። እውነቷን ነው፤ ጥፋቱ ስም ቀድሜ ያልጠየቅሁት የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከማን ጋር ነው?» ሆኗል።

ገንዘብ የለኝም ካሉ ሦስት መንገድ አለ። በወንጀል ጠበቃ ማቆም ካልቻሉና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ሊያቆምልዎት ይገባል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። በፍትሐ ብሔር ደግሞ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ «በደሃ ደንብ» ለመክሰስ ያመልክቱ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለደካማ ያለ ክፍያ መቆም ለጠበቃም የሙያው ግዴታ እንጂ ጽድቅ ብቻ አይደለም።

3. ነገርን ከሥሩ

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ሥራ ብዙ መዝገብ ሲበላሽ አይቻለሁ። አብዛኛው የተበላሸው ባለጉዳዩ ለገዛ ጠበቃው በደበቀው ነገር ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሐይቁ ላይ ሰው የሚያመላልስ ወዳጁ የጀልባ ሞተር ሊገዛ 120,000 ብር አበደረው። ወረቀት የለም። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። እንዴት አድርጌ ፈርም እለዋለሁ?»

እንግዲህ ሕጉ ይህን ወዳጅነት አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ችሎት ላይ በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ያኔ 500 ብር ብር ነበር። ዛሬ ሐይቅ ዳር ሁለት ሰው ዓሣ ቢበላበት ያልቃል፤ ቁጥሩ ግን አልተነካም። «ሦስት ምስክር አለኝ» ቢሉ ምስክር ለብድር አይሆንዎትም።

የነበረን የባንክ ማስተላለፊያና ጥቂት የስልክ መልእክት ነው። የባንክ ወረቀት ገንዘቡ መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ አይናገርም። መልእክቱ ግን «እስከ ሰኔ ታገሠኝ» ይላል። ደህና ነው አልኩ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«እስካሁን ምንም አልመለሰልዎትም?»

«ኧረ አንዲት ሳንቲም!»

120,000 ብር ሙሉውን ከሰስን። የተከሳሹ መልስ መጣ። ተያይዞ የመጣውን ሳይ ቆሽቴ አረረ። በደንበኛዬ ባለቤት አካውንት የገባ 40,000 ብር፣ ከነደረሰኙ። ተከሳሹ ብልህ ነው፣ ወይ ብልህ ጠበቃ ይዟል። «የተበደርኩት 40,000 ብር ብቻ ነው፤ እሱንም መልሻለሁ። ቀሪው 80,000 ሞተሩን በጋራ ስንገዛ የራሱ ድርሻ ነው» አለ። ዳኛዋ ደንበኛዬን ጠየቁት። ረስቼው ነው አለ። 40,000 ብር የሚረሳ ሰው ደግሞ አይታመንም።

አሁን ነገሩን ገልብጠው ይዩት። ደንበኛዬ ያችን 40,000 ብር በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ኖሮ የምከሰው 80,000 ነበር። የተከፈለችው 40,000 ራሷ የእኛ መሣሪያ ትሆን ነበር፤ ድርሻ ላዋጣ ሸሪክ ገንዘቡን አይመልሱለትማ! እሱ የደበቀው ነገር የሚጎዳው መስሎት ነው። የሚጎዳውን ከሚጠቅመው መለየት ግን የእኔ ሥራ ነው፤ የሚከፈለኝም ለዚያ ነው። ከአራት ቀጠሮ በኋላ በ55,000 ብር ታረቁ። 25,000 ብር በአንዲት ውሸት ሄደ።

ስለዚህ የሚያሳፍርዎትን መጀመሪያ ይናገሩ። ተማትተው ከሆነ፣ ሰክረው ከነበረ፣ የፈረሙት ፊርማ የእርስዎ ከሆነ፣ ሌላ ልጅ ካለ። የነገሩኝ ነገር ከቢሮዬ አይወጣም። ይህ መልካም ጠባይ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የሙያ ምሥጢር ያወጣ ጠበቃ በዲሲፕሊን ብቻ ሳይሆን በወንጀል ሕጉም ይጠየቃል። ግን እርስዎም ያግዙኝ። ጎረቤት፣ አጎትና የዕድር ዳኛ አስከትለው መጥተው ምሥጢር የለም። አጎትዎ በረንዳ ላይ ይጠብቁ።

4. ክፍያውና ውክልናው

ክፍያው በጽሑፍ ይሁን። ጠቅላላው ስንት ነው፣ መቼ መቼ ይከፈላል፣ ይግባኝን ያካትታል ወይ፣ አፈጻጸምስ፣ የዳኝነት ክፍያውንና ቴምብሩን ማን ይችላል? ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎ ሌላ ቢሮ ይሞክሩ። እኔ ስለማደርገው ሥራ ቃል ልገባ እችላለሁ። ስለ ዳኛው ብዕር ግን አልችልም።

ውክልና ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ውልና ማስረጃ ሄዶ የተዘጋጀውን ቅጽ ሳያነብ ፈርሞ ይወጣል። ሦስት ሐረጎችን በጣትዎ እየተከተሉ ይፈልጉ፦ «ለመታረቅ»፣ «ገንዘብ ተቀብሎ ለመፈረም»፣ «ለሌላ ሰው ውክልና ለመስጠት»። በሕጋችን መታረቅን የመሰለ ከባድ ነገር በስሙ የተጠቀሰ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ካልተጠቀሰ ጠበቃው ያለ እርስዎ ሊታረቅ አይችልም፤ ከተጠቀሰ ይችላል። የማይፈልጉትን ያሰርዙ። ደግ ጠበቃ በዚህ አይከፋም። እኔ ራሴ «ገንዘብ ተቀብሎ»ን አሰርዛለሁ፤ የሰው ገንዘብ በእጄ ባይገባ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ራስዎ መከራከር ይችላሉ። እንደ ልጅ፣ ወንድም ወይም አባት ያለ የቅርብ ዘመድም ፈቃድ ባይኖረው በውክልና ሊቆምልዎት ይችላል። ውክልና ሲሽሩ ደግሞ በቃል አይደለም፤ በጽሑፍ ሽረው ለጠበቃውም ለፍርድ ቤቱም ያሳውቁ።

5. ክሱና መልሱ

እዚህ ፈጠን ልበል፤ ጽሑፉን የሚሠራው ጠበቃዎ ነው። ክስ በመሠረቱ ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ይቀርባል። የውል ጉዳይ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይሆናል። መሬትና ቤት ግን ያለበትን ይከተላል፤ መሬቱ ሜጫ ሆኖ ባሕር ዳር ተቀምጠው አይከሱም።

ከመፈረምዎ በፊት ክሱን ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉ ያስነብቡ። በተለይ የመጨረሻውን ገጽ፣ ዳኝነት የተጠየቀበትን። ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም። ወለዱን፣ ወጪና ኪሳራውን፣ የጠበቃ አበሉን እዚያ ካልጠየቁ በኋላ ማዘን ነው። ንብረቱ ሊሸጥ ነው ብለው ከፈሩ ደግሞ የእግድ ማመልከቻ አብሮ ይግባ።

ተከሳሽ ከሆኑ መጥሪያ አልቀበልም ማለት አያድንም። ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል፤ ከዚያ የተሰጠውን ፍርድ ለማስነሣት ያለዎት ጊዜ ካወቁበት ቀን ጀምሮ 1 ወር ነው፣ በቂ ምክንያት ካለዎት። መልስ ሲሰጡ ያልተስማሙበትን እያንዳንዱን ነጥብ በግልጽ ይካዱ። በግልጽ ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። «ክሱ ውሸት ነው» ብሎ በአንድ መስመር መመለስ መልስ አይደለም። ይርጋ፣ የፍርድ ቤቱ የሥልጣን ጉዳይ የመሳሰለ መቃወሚያ ካለዎትም ያኔውኑ ያንሡት።

6. ወንጀል ከሆነ፣ የመጀመሪያው 48 ሰዓት

ስልኬ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ ጠጅ ቤት ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። «ወንድሜ ተይዟል፤ የተመታው ልጅ ሆስፒታል ነው።» በመጀመሪያ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንዳለ ይወቁ። ምግብና ጋቢ ይውሰዱለት። ከዚያ አንድ መልእክት ብቻ ያድርሱለት፦ «ጠበቃ እስኪመጣ ስምህንና አድራሻህን ተናገር፤ ሌላውን ቆይ።»

ይህ ብልጠት አይደለም፤ መብት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ንጹሕ ሰው ግን መናገር ይወዳል። «ምን አድርጌ ነው ዝም የምለው?» ይልና ሲምታታ ሁለት የተለያየ ሰዓት ይናገራል። ስድስት ወር ቆይቶ ዐቃቤ ሕግ ያችን ልዩነት ያነብለታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ጥሩ ጠበቃ እዚህ ዝም አይልም። «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? ምን ቀረ? የቀረው ሥራስ ሰውየው በዋስ ቢወጣ ይሰናከላል?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለ ዋስትና ቤተሰብ የማይገባው አንድ ነገር አለ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣና ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና ይከለክላል። ስለዚህ ሆስፒታል የተኛው ልጅ ጤና ለወንድምዎ መፈታት ጉዳይ ነው። የሐኪሙን የምስክር ወረቀት ይከታተሉ። ልጁ ከሞት አፋፍ ከተመለሰ ጥያቄው እንደገና ይቀርባል። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። የተጎጂው ቤተሰብ ጋ ሽማግሌ መላክ የኛ አገር ወግ ነው፤ ይላኩ። ግን አብዛኛው ወንጀል በዕርቅ አይቆምም፤ ለቅጣት ማቅለያ ይጠቅም ይሆናል እንጂ። ምስክሮቹን ለማባበል የሚሄድ ዘመድ ግን ራሱ ሌላ መዝገብ ይዞ ይመለሳል።

ክሱ ሲነበብ ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ አምኛለሁ ማለትና «መታሁት፤ ግን እሱ ቀድሞ ዱላ ስለሰነዘረብኝ ነው» ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በምክንያት የታጠረ ነው፤ ክዶ እንደተከራከረ ይመዘገባል። ይህን ልዩነት ከጠበቃዎ ጋር ቀድመው ይነጋገሩበት።

ቡና ላይ ሁልጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። «ወንጀለኛን እንዴት ትከላከላለህ?» ወንጀለኛ መሆኑን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ እስኪወስን ድረስ ሰውየው ንጹሕ ነው። ደንበኛዬ «አድርጌዋለሁ» ቢለኝስ? «ጎንደር ነበር» የሚል ምስክር አላቀርብም። እሱ ውሸት ነው፤ እኔም ተባባሪ እሆናለሁ። ግን የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በእውነት ያንን ያስረዳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንቀጹ ልክ ነው ወይ? የግድያ ሙከራ ነው ወይስ የአካል ጉዳት? ቅጣቱን የሚያቀል ነገር የለም ወይ? ይህን ሁሉ ሳልዋሽ እሠራለሁ፤ ሌሊቱንም እተኛለሁ።

ተጎጂው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ክሱን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ነው። ካሳዎን ግን እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ ማመልከት ወይም በተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ መጠየቅ ይችላሉ።

7. ችሎት

በጊዜ ይድረሱ። ስልክዎን ያጥፉ። ዳኛው ሲገባ ይነሡ፤ «ክቡር ፍርድ ቤት» ይበሉ። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። የጎጃም ሰው ክርክር ይወዳል፤ የ«በላ ልበልሃ» ደም አለብን። አያቶቻችን በግጥም ተሟግተው ያሸንፉ ነበር ይባላል። የዛሬው ዳኛ ግን ፊቱ የተቆለለ መዝገብ አለው። ግጥሙን ለሠርግ ያቆዩት።

ምስክር የሚሆነዎትን ሰው ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ችግር የለውም። ምን እንደሚል ማስጠናት ግን ችግር ነው፤ ምግባሩን ትተን ለራስዎ አይጠቅምም። ዋና ጥያቄ ላይ እንደ በቀቀን ያነበነበ ምስክር ተከራካሪው ወገን በሚጠይቀው መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። ሦስት ምስክር «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ» ካሉ ዳኛው ቀና ይላል። ማን ሰዓት አይቶ ይጣላል?

አንድ ተራ ነገር ላክል። ምስክሩ ከዘጌ የሚመጣ ከሆነ ቀጠሮው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብለው በጀልባዋ አይተማመኑ። ማዕበል አለ፣ ሞተር ይበላሻል፣ አንዳንዴ መንገዱም ይዘጋል። ማታውኑ ይምጣ፤ ከተማ ይደር። ምስክር ሳይቀርብ ቀርቶ የታለፈበትን ባለጉዳይ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

8. ከፍርዱ በኋላ

በማናቸውም ደረጃ መታረቅ ይቻላል። የታረቃችሁበትን ጽሑፍ ለችሎቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት፤ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ጠበቃ ዕርቅ የሚያደናቅፍብዎ ከሆነ ቀጠሮ በተጨመረ ቁጥር የሚጨመር ክፍያ አለው ወይ ብለው ውልዎን ይመልከቱ።

ከተሸነፉ የውሳኔውን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው። በወንጀል ይግባኝ የሚሉ መሆንዎን በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃሉ፤ ማመልከቻው የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ጠበቃዎ ይግባኙ አያዋጣም ካለ ይስሙት። የማያዋጣ ይግባኝ ጽፎ ገንዘብ መቀበል ለእሱ ቀላል ነበር።

ካሸነፉ ደግሞ ገንዘቡ ራሱ አይመጣም። የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ የሚያሳየው እርስዎ ነዎት። ለዚህ 10 ዓመት አለዎት፤ የባለዕዳው ጀልባ ግን 10 ዓመት አትጠብቅም።

9. ጠበቃው ሲያጠፋ

ቀጠሮ ካስመለጠ፣ ስልክ ካላነሣ፣ ከተከራካሪዎ ጋር ከተሞዳሞደ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁት። ካልመለሰ ፈቃድ ለሰጠው አካል የዲሲፕሊን አቤቱታ ያቅርቡ። የዳኛን ምግባር የሚመለከት ከሆነ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። መሸነፍ ብቻውን ግን የጠበቃ ጥፋት አይደለም፤ ሁልጊዜ አንዱ ይረታል።

መዝገቡ ሲዘጋ ሰነድዎን ይረከቡ። በመጀመሪያው ቀን ያስፈረሙትን ዝርዝር ያውጡና አንድ በአንድ እያነበቡ ይቁጠሩ። የክትባት ካርዱንም ጭምር።